«እነ» ሲባል እነማን ናቸው?

ባለፈው ዓመት እዚህ አዳማ ለሰፈራችን እቁብ ትንሽ የሞባይል መተግበሪያ ሠርቼ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ለሰብሳቢዋ «እርስዎ እና ጫልቱ ከፍለዋል» የሚል መልእክት ላከላቸው። ደውለው «ልጄ፣ የከፈለው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። «እርስዎ ከፍለዋል» ልክ ነው፤ «ጫልቱና ቶላ ከፍለዋል»ም ልክ ነው። «እርስዎ» እና «ጫልቱ» አንድ ላይ ሲሆኑ ግን «ከፍላችኋል» መባል አለበት። ኮዴ ተውላጠ ስምን እንደ ማንኛውም የሰው ስም ቆጥሮት ነበር።

ነገሩን ሳጣራ ግን አማርኛም ድሮ ተውላጠ ስምን እንደ ሰው ስም ቆጥሮት እንደነበር ገባኝ።

በግዕዝ አንድ ወንድ «አንተ» ነው፣ ብዙ ወንዶች «አንትሙ»፣ ብዙ ሴቶች ደግሞ «አንትን»። የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚሉት የኛ «አንቱ» የመጣው ከ«አንትሙ» ነው፤ የብዙዎች መጠሪያ የነበረው ለአንድ ሰው ማክበሪያ ሆነ። የብዙው ቦታ ክፍት ቀረ። ቦታውን የሞላው ስም ፊት የምናስቀምጣት «እነ» ናት። «እነ ቶላ» ማለት ቶላና አብረውት ያሉት ናቸው። እንደዚሁ «እነ» እና «አንተ» ገጥመው «እናንተ» ሆኑ፤ «እነ» እና «እሱ» «እነሱ»፣ «እነ» እና «ማን» «እነማን»። ስለዚህ «እናንተ» ሥሩ «አንተና አብረውህ ያሉት» ማለት ነው። ቃሉ በ«አንተ» ላይ ስለተሠራ ሴቶች ብቻ ተሰብስበው እንኳ «እናንተ» ይባላሉ፤ «አንትን» የነበራት ቦታ ጠፍቷል።

አፋን ኦሮሞ በሌላ መንገድ ሄዷል። «ኢሲን» ለብዙ ሰውም ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል፤ እንደ ፈረንሳይኛው «ቩ» መሆኑ ነው። የ«እነ»ን ሥራ የሚሠራው ደግሞ ከስሙ ኋላ ይመጣል፦ «ቶላ ፈአ»። አዳማ ገበያ ውስጥ ሁለቱንም በአንድ ቀን ትሰማላችሁ።

«እኛ»ም የራሱ ጣጣ አለው። «ከጫልቱ ጋር ሞጆ ሄድን» ስል ብዙ ጊዜ የሄድነው ሁለት ነን፣ እኔና እሷ። «እኛ» ውስጥ ጫልቱ አስቀድማ ገብታለች። በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ሰዎች ይህን ከሩሲያኛ ያውቁታል፤ «ሚ ስ ፔትሮም» ቃል በቃል «እኛ ከፔትር ጋር» ነው፣ ትርጉሙ ግን «እኔና ፔትር»። ኮምፒውተር ቢቆጥር ሦስት ሰው ይላል።

መተግበሪያውን አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን ስም ከማስገባቱ በፊት ከሰዎቹ መካከል «እርስዎ» መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። አንድ ነገር ግን ኮድ አልጻፍኩለትም። አያቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች ግን ዛሬም ቤታችንን በሳቸው ስም ነው የሚጠሩት፣ «እነ ጋሼ እገሌ ጋ ነው?» እያሉ። እኔ፣ እናቴ፣ እህቶቼ፣ ሁላችንም በዚያች «እነ» ውስጥ ነን። ስሙን የሰጡን ሰው የሉም፤ እኛ ግን አሁንም «አብረዋቸው ያሉት» ነን።

«አዎ፣ እዚያ ጋ» እላለሁ፣ እሳፈራለሁ።