ሳይረኑ ሲጮህ ወዴት ይሮጣል?

የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መግዛትና ሕዝብን ማስጠንቀቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ገንዘብ ከተገኘ ያልቃል። ሁለተኛው ግን አያልቅም፤ ሠራተኛውን እያሠለጠኑ፣ ሥርዓቱን እየፈተኑ፣ ነዋሪውን እያለማመዱ ካልደጋገሙት ቀስ በቀስ ይጠፋል። መንግሥታት ለመጀመሪያው በጀት ሲይዙ አይቸገሩም፤ ሪባን ተቆርጦ፣ ካሜራ ቀርቦ ይመረቃልና። ልምምድ ግን አይመረቅም።

ይህን ልዩነት ከሃዋይ ደሴቶች ታሪክ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው ይህች የአሜሪካ ግዛት በ77 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ክፉኛ ተፈትናለች። አራቱን በቅደም ተከተል እንያቸው። (ዘመኑ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ኤፕሪል 1 ቀን 1946 ነው። በአላስካ በኩል፣ በአሉሺያን ደሴቶች አጠገብ፣ ከባሕር በታች ምድር ተናወጠች። የተነሣው ማዕበል ሃዋይ ለመድረስ አምስት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። አምስት ሰዓት ብዙ ሕይወት ያድናል፤ ግን የሚናገር አካል አልነበረም። በሃዋይ 159 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ። ባሕሩ መጣ የሚለውን ጩኸት ከሰሙት አንዳንዶቹ፣ ዕለቱ ኤፕሪል 1 ነውና፣ የ«አፕሪል ዘ ፉል» ቀልድ መስሏቸው ነበር።

መንግሥት ከዚህ ተምሮ በ1949 በሆኖሉሉ አቅራቢያ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ሥራ አስጀመረ። በ1952 እና በ1957 ማዕበል ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደረሰ፤ በሃዋይ የሞተ ሰው አልነበረም። ሥርዓቱ ተሳካ ተባለ።

ሁለተኛው ፈተና በ1960 መጣ። በሜይ 22 ቺሊ ውስጥ በመጠኑ 9.5 የሆነ፣ በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ የበለጠ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ። ማዕበሉ ሂሎ ወደምትባለው የሃዋይ ከተማ ለመድረስ 15 ሰዓት ያህል ነበረው። ማዕከሉ ሥራውን ሠራ፤ ሳይረኑም ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ጮኸ። ትልቁ ማዕበል የመጣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ከአራት ሰዓት በላይ አለ። ሆኖም ሂሎ ውስጥ 61 ሰዎች ሞቱ።

ምን ተፈጠረ? ሰዉ ሳይረኑን ሰምቷል። የሳይረኑ ትርጉም ግን ብዙም ሳይቆይ ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ደረጃ በደረጃ ይጮህ የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጮህ ተደርጎ ነበር፤ ብዙ ነዋሪ ግን የመጀመሪያው ጩኸት «ተዘጋጁ» ማለት መስሎት ቀጣዩን ይጠብቅ ነበር። ያለፉት ማዕበሎች ትንሽ ነበሩ ብሎ የተቀመጠም አለ። ማዕበሉን ለማየት ወደ ባሕሩ ዳር የወረደም አለ። መሣሪያው አልተበላሸም። የተበላሸው በመሣሪያውና በሰው መካከል ያለው ስምምነት ነው። ይህን ስምምነት የሚሠራው ሥልጠና ብቻ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ማዕበልም እሳትም የሌለበት ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ፣ በሃዋይ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩ ጮኸ። ባሊስቲክ ሚሳኤል ወደ ሃዋይ እየመጣ ነው፤ ባስቸኳይ ተጠለሉ፤ ይህ ልምምድ አይደለም የሚል መልእክት ነበር። ቤተሰብ ተሰነባበተ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መሸሸጊያ ፍለጋ ተራወጡ። ማስተባበያው በስልክ የተላከው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው።

የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ። ነገሩ የተነሣው ከልምምድ ነው፤ ግን በደንብ ካልተዘጋጀ ልምምድ። የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ሳይነገር የሚደረግ ልምምድ አዘዘ፤ የቀኑ ፈረቃ ኃላፊ ግን ልምምዱ ለየትኛው ፈረቃ እንደሆነ በትክክል አልተረዳም። በስልክ የተላለፈው ድምፅ «ልምምድ ነው» ይላል፤ በውስጡ ግን «ይህ ልምምድ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገርም አለበት። መልእክቱን የላከው ሠራተኛ እውነት መሰለው። በኮምፒውተሩ ላይ የልምምዱና የእውነተኛው መልእክት ምርጫ አንድ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የሁለተኛ ሰው ፈቃድም አያስፈልግም ነበር። ከሁሉ የሚብሰው፣ ስህተት ቢፈጠር የሚላክ የማስተባበያ ጽሑፍ ቀድሞ አልተዘጋጀም። አገረ ገዢው ዴቪድ ኢጌ ነገሩ ሐሰት መሆኑን በደቂቃዎች ውስጥ ቢያውቁም የትዊተር መግቢያቸውን ባለማስታወሳቸው ለሕዝብ መናገር ዘገየባቸው።

ልብ በሉ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ (ፌማ) ለክልልና ለአካባቢ አስተዳደሮች ሥልጠና እንዲሰጥ፣ ሥርዓቱም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲፈተን የሚያዝ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕግ ብቻውን እጅን አያሠለጥንም። ከሃዋይ በኋላ ነገሩ ጠበቅ አለ። ፌማ እውነተኛውን የሚመስል፣ መልእክቱ ግን ወደ ሕዝብ ስልክ የማይወጣ መለማመጃ አለው፤ ማስጠንቀቂያ የመላክ ፈቃድ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ በየወሩ እዚያ ገብቶ መልእክት መላክ እንደሚችል ማሳየት አለበት።

ይህን ወጪ ማዕከላዊው መንግሥት የሚሸከምበት ምክንያት አለው። በትንሽ ወረዳ ወይም ከተማ የአደጋ ጊዜ ባለሙያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያም ሰው ሌላ ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል። ማስጠንቀቂያ የሚልከው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ይረሳል። የመለማመጃ ቦታውን፣ አሠልጣኙንና መመሪያውን ራስህ አሟላ ቢባል የማይችለው ነገር ነው።

አራተኛው ፈተና ላሃይና ነው። ኦገስት 8 ቀን 2023 በማዊ ደሴት ላይ በብርቱ ነፋስ የተገፋ ሰደድ እሳት ጥንታዊቷን ከተማ በላት። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሃዋይ ወደ 400 የሚጠጉ ሳይረኖች አሉ፤ በየወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ45፣ ይፈተናሉ። እሳቱ ከመነሣቱ ሳምንት በፊትም የፈተናው ቀን ነበር። በእሳቱ ዕለት ግን አልጮኹም። በስልክ ማስጠንቀቂያ ተልኮ ነበር፤ ሆኖም መብራትና የስልክ መስመር በብዙ ቦታ ተቋርጦ ነበር።

የደሴቲቱ የአደጋ ጊዜ ኃላፊ ለምን አላስጮኹም ተብለው ሲጠየቁ፣ ሕዝቡ ሳይረን ሲሰማ ሱናሚ መጣ ብሎ ወደ ተራራው እንዲሸሽ የለመደ መሆኑን ተናገሩ፤ እሳቱ ያለው ደግሞ በተራራው በኩል ነበር። በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ብዙዎች ክፉኛ ነቅፈዋቸዋል፤ ሳይረኑ ቢያንስ ሰውን ከቤቱ ያስወጣ ነበር ብለው። የክልሉ መመሪያም ሳይረኑ ለሰደድ እሳት ጭምር እንደሚያገለግል ይገልጻል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በላይ ነው። ኃላፊው የፈሩት ነገር እውነት ከሆነ፣ ለዓመታት በየወሩ የተፈተነው ድምፁ ብቻ ነበር ማለት ነው። ሳይረኑ ይጮሃል ወይ? አዎ ይጮሃል። ሰው ሲሰማው ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ በየወሩ የጠየቀ የለም። በ1960 በሂሎ የተከፈለው ዋጋ በ2023 በላሃይና እንደገና ተከፈለ።

ፈተና ሲበዛ ሰው ይሰለቻል የሚሉ አሉ። ሰው የሚሰለቸው ምንም የማይጠይቀውን ፈተና ነው። በዓመት አንድ ቀን ከልጆቹና ከጎረቤቶቹ ጋር መውጫውን መንገድ በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው መንገዱን አይረሳውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ለወገን መድረስ በደማችን ያለ ነው፤ ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ሊሰለጠንበት የሚችለው ሌላው ነው፤ አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ እንደገና ሊናድ እንደሚችል ማወቅ፣ አንዱ ሲቆፍር ሌላው ላይኛውን ገደል እንዲጠብቅ መመደብ፣ ሲጮህም ሁሉም ወዴት እንደሚሸሽ ቀድሞ መስማማት። ይህ ሳተላይት አይጠይቅም። ለአሠልጣኝ አበልና ለቀበሌው የአንድ ቀን ስብሰባ የሚሆን በጀት ይጠይቃል።

አያቶቻችን ያለ ሰዓቱ የተደወለ ደወልና የኡኡታ ድምፅ ሲሰሙ ማን ወዴት እንደሚሮጥ ያውቁ ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እያዩት ስላደጉ ነው። ዛሬ ማስጠንቀቂያው በስልክም ይምጣ በሳይረን፣ ያ ዕውቀት በልምምድ እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

ስለዚህ አዲስ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሊመረቅ ነው ሲባል ከዋጋው በፊት አራት ነገር እንጠይቅ። መልእክቱን የሚልከው ማን ነው? እርሱ ባይኖር ማን ይተካዋል? ለመጨረሻ ጊዜ የተለማመዱት መቼ ነው? እኛስ ስንሰማው ወዴት እንሂድ? መልስ ካልተገኘ፣ የተገዛው ዕቃ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑ አይቀርም።