ሰባራ ድልድይ

ዛሬ በእግር እንጓዝ። መነሻችን የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ናት። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትመለከቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። ከጉና የሚነሣው የጉማራ ወንዝ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ደግሞ ዞሮ መጥቶ በስተ ደቡብ በጥልቅ ሸለቆ ያልፋል። ታዲያ በአንዳቤት በኩል ቁልቁል ብትወርዱ፣ ደጋው ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ቆላ እየሆነ ከዓባይ ዳር ትደርሳላችሁ።

እዚያ በድንጋይና በኖራ የተሠራ የጥንት ድልድይ አለ። ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲል እንዳሠሩት ይነገራል። እስቴንና ሞጣን፣ ጎንደርንና ጎጃምን ሲያገናኝ ኖረ። ፋሽስት ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ ግን አርበኞቻችን ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው አንዱን ቅስት ሰበሩት። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ድልድዩ ግን ከ60 ዓመት በላይ ሳይጠገን ቆየ። ገበያተኛውም ሆነ ዘመድ ጠያቂው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎበዞች እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ቢጠገን በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ ወሰደው። ኋላ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እንግዲህ የነጻነት ዋጋ የተከፈለው በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም፤ የዓባይ ዳር ሰው ከድል በኋላም ሲከፍል ኖሯል። በገመድ የተሻገሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት።