በመጨረሻ ሕመም ጊዜ የታማሚን ፈቃድ አስቀድሞ ማጽናት

ታማሚ መናገርና መወሰን ሲሳነው ሕክምናው እስከ ምን ድረስ እንዲሄድ እንደሚፈልግ አስቀድሞ የሚያሳውቅበት ሕጋዊ ሥርዓት በአሜሪካ የጸናው በሁለት ወጣት ሴቶች አልጋ ዙሪያ በተነሡ ክርክሮች ነው። የመጀመሪያዋ ካረን አን ኩዊንላን ናት። በእርሷ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1976 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመተንፈሻ መሣሪያው እንዲነሣ የመወሰን ሥልጣንን ለአባቷ ሰጠ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ዕድሜ ማራዘሚያ ሕክምናን አስቀድሞ በጽሑፍ እምቢ ማለትን የፈቀደ ሕግ አወጣች።

የናንሲ ክሩዛን ታሪክ ግን ይበልጥ ያስተምራል። በ1983 ሚዙሪ ውስጥ በመኪና አደጋ አንጎሏ ክፉኛ ሲጎዳ የ25 ዓመት ሴት ነበረች። ተስፋ ሲቆረጥ ወላጆቿ የመመገቢያ ቱቦው እንዲወጣላት ጠየቁ። አብራት ትኖር የነበረች ጓደኛዋም ናንሲ እንዲያ ሆና መኖር እንደማትሻ ነግራት እንደነበር መሰከረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1990፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሚዙሪ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች ሲል ፈረደ። የወላጅ ፍቅርም ሆነ ልጅን አሳድጎ ማወቅ በቂ ማስረጃ አልሆነም። ቱቦው የወጣው ሌሎች ወዳጆቿ ተጨማሪ ምስክርነት ከሰጡ በኋላ ነው፤ ናንሲ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን አረፈች።

በፍርዱ የተስማሙት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ለብቻቸው በጻፉት አስተያየት ትኩረታቸውን ለታማሚው የሚወስን ወኪል በመሾም ላይ አደረጉ፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። «መሣሪያ አልፈልግም» የሚል ጽሑፍ ለጥቂት ቀን የሳንባ ምች ታስቦ ይሁን ለማይመለስ ሕመም አይለይም። የታማሚውን ልብ የሚያውቅ ወኪል ግን ሐኪሙን ጠይቆ፣ ሁኔታውን አይቶ ይወስናል። ስለዚህ መመረጥ ያለበት የግድ የበኩር ልጅ ወይም ቅርብ ዘመድ ሳይሆን፣ ቤተሰቡ ሲያለቅስና ሲከራከር እንኳ የታማሚውን ቃል የማያጥፍ ሰው ነው።

ወኪል ካልተሾመ ብዙ ግዛቶች የትዳር ጓደኛን፣ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችንና ወላጆችን ያስቀድማሉ። ለዓመታት ያስታመመች እህት ወይም አብሮ አደግ ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ወኪልን አስቀድሞ መምረጥ በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከባድ ነው። ብዙ አስታማሚዎች ታማሚው እንዳይደነግጥ ብለው ክፉውን የምርመራ ውጤት ይሸሽጉታል፤ ከርኅራኄ የመጣ ልማድ ቢሆንም፣ ታማሚው የሚፈልገውን የሚናገርበትን ጊዜ ይወስድበታል። ጥያቄው መነሣት ያለበት በደህናው ቀን ነው።

ወኪል የሚሾምበት ሰነድ በየግዛቱ ሕግ መሠረት በምስክሮች ወይም በውልና ማስረጃ ሹም ፊት ይፈረማል፤ ቅጂው ለወኪሉና ለሐኪሙ ይሰጣል። ፈራሚው አእምሮው እስካለ ድረስ ሊለውጠው ወይም ሊሽረው ይችላል፤ አዲስ ሕመም በታወቀ ቁጥርም ከወኪሉ ጋር እንደገና መነጋገር ያሻል።