ብሎክ ታይም፦ የታኮ ጊዜ

በደምበጫ በሚያልፈው የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድ ላይ ጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ቶሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። አውሮፕላንም ሲቆም ጎማው ታኮ ይደረግለታል። የአቪዬሽን ሰዎች ብሎክ ታይም የሚሉት ልኬት ከዚያ የመጣ ነው፦ ታኮው ተነሥቶ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ፣ ደርሶ ፈጽሞ እስኪቆምና ታኮ እስኪገባለት ያለው ጊዜ። በአማርኛ «የታኮ ጊዜ» ብንለው የሾፌርና የረዳት ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። «የበረራ ጊዜ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሰሚው ግን አየር ላይ ያለውን ብቻ ይመስለዋል።

ትኬት ላይ የሚታተመው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የታኮ ሰዓት ነው። አብራሪ «ይህን ያህል ሰዓት በርሬያለሁ» ሲልም በአብዛኛው የሚቆጥረው በዚሁ ነው።

ባሕር ዳር ካለው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ እስካለው ቦሌ በቀጥታ መስመር ወደ 335 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል ግን ከ550 ይበልጣል። ካርታ ላይ ማስመሪያ ቢያስቀምጡ መስመሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄ ተራራ በኩል ያልፋል። አስፋልቱ ግን ተራራውን በምዕራብ ዞሮ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደምበጫ ይመጣና፣ ደጀን ላይ ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል።

ሁለት ማረፊያዎችን ሲጽፉላቸው ርቀትና ሰዓት የሚነግሩ ማስያዎች ብዙ ጊዜ የሚከተሉት ቀላል ስሌት ነው፦ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት ያካፍሉና 30 ደቂቃ ይጨምሩበታል። ለባሕር ዳር–ቦሌ 55 ደቂቃ ይሆናል። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ግን በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ስሌቱን እንደ ግምት እንጂ እንደ ቃል ኪዳን መውሰድ አይገባም።

ዋናው ነገር ያቺ 30 ደቂቃ ናት። በቦሌ ሜዳ ላይ መንደርደሪያው ድረስ መሄድ አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ። መንደርደሪያዎቹ የተዘረጉት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ባሕር ዳር ያለችው በሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ከተነሡ በኋላ መታጠፍ አለ። ከዚያ መውጣት፣ ወዲያው ደግሞ ለማረፍ መውረድ ይመጣል። ርቀቱ ሲያጥር ይህ ሁሉ አብሮ አያጥርም። ከጎንደር ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስሌቱ መሠረት ለርቀቱ የሚደርሰው 8 ደቂቃ ነው፤ የቀረው 30 ደቂቃ መነሣትና ማረፍ ነው።

ለደምበጫ ሰው አሁን መብረር ማለት መጀመሪያ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ባሕር ዳር መድረስ፣ ከዚያ በአየር ወደ ደቡብ መመለስ ነው። በመኪና ቀጥ ብሎ ቢሄድ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ብዙው ሰው አውቶቡሱን ቢመርጥ አያስደንቅም። ስሌቱን የሚቀይረው በደብረ ማርቆስ ግንባታው የተጀመረው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ ቦሌ በቀጥታ መስመር 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የታኮ ጊዜው በማስያው 45 ደቂቃ ገደማ ይመጣል፣ ከዚያም ውስጥ የርቀቱ ድርሻ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ከታኮ ጊዜ ውጭ ነው፤ ትኬቱም አይቆጥረውም።