«ቀለም»፣ «ሕብር» እና «ማቅለሚያ»፤ ባክቴሪያ ቀለም ማምረት ከጀመረ ወዲህ

በአርሲ ደጋ፣ በጀጁ ወረዳ፣ በአርቦዬ ገበያ እርድ የሚገዛ ሰው ተክሉን፣ ቅመሙንና ወጡን ቢጫ የሚያደርገውን ቀለም በአንድ ስም ይጠራል። እንሶስላም እንደዚሁ ነው፤ የተክሉ ስም እጅና እግር የሚዋብበት ቀለም ስም ሆኖ ያገለግላል። በዚህ ልማድ ቀለሙ ከምንጩ ተለይቶ አይሰየምም። ለገበያተኛው ይህ አልጎደለበትም፤ ለተርጓሚው ግን ዛሬ እክል ሆኖበታል።

«ቀለም» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ የተንከራተተ ነው። በግሪክ «ካላሞስ»፣ በዐረብኛም «ቀለም» ማለት የመቃ ብዕር ነው። ግእዝ ቃሉን ሲቀበል ከመሣሪያው ወደ ፈሳሹ አዛወረው፤ ለመሣሪያው «ብርዕ» የተባለውን የራሱን ቃል ይዞ ቀረ። በአንጻሩ ግእዝ «ሕብር» ሲል ለዐይን የሚታየውን መልክ ማለቱ ሲሆን፣ የዐረብኛው ዘመዱ «ሒብር» የጽሕፈት ቀለም ነው። አማርኛ ደግሞ «ቀለም»ን ለትምህርት፣ ለቅኔ ልክ፣ ለግድግዳ ቅብና ለጨርቅ መንከሪያ ሁሉ አደላደለው። («የቀለም ቀንድ» የሊቅ ማዕርግ ከመሆኑ በፊት በእርግጥ ቀለም የሚያዝበት ቀንድ እንደ ነበር የሚያስታውስ ዛሬ ጥቂት ነው።) አንድ ቃል ይህን ያህል ሲሸከም አንዱ ጭነት መንሸራተቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ሐምራዊ ቀለም አወጣ፤ በ1897 የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ ለገበያ አቀረበ። ያን ጊዜ «ተፈጥሯዊ» እና «ሰው ሠራሽ» የሚለው ክፍፍል ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን በአሜሪካ ተመራማሪዎች ከአንድ ባክቴሪያ የተወሰዱ በራሂዎችን ወደ ኢሸሪሺያ ኮላይ አስገብተው፣ ባክቴሪያው ሰማያዊውን ኢንዲጎ ሲያመርት ተመለከቱ። በ2008 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ይኸው ባክቴሪያ የእርድን ቢጫ፣ ኩርኩሚንንና ወገኖቹን እንዲሠራ አደረጉ። በራሂዎቹ የተገኙት ከእርሾ፣ ከሩዝና ከሌላ አንድ ተክል ነበር፤ ከእርድ የተወሰደ አንድም አልነበረበትም።

እንግዲህ ይህን «የእርድ ቀለም» ብሎ መተርጎም ይቻላልን? ንጥረ ነገሩ ያው ነው፤ እርድ ግን የለበትም። «ሰው ሠራሽ» ቢባል ሕያው ሕዋስ የሠራው ነው፤ «ተፈጥሯዊ» ቢባል የሰው እጅ በበራሂው ገብቶበታል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 «ልውጥ ሕያው» የሚለውን ስያሜ አስገብቶልናል፤ ይህ ግን ፍጡሩን እንጂ ከፍጡሩ ተጣርቶ የወጣውን ነገር አይሰይምም።

በእኔ አስተያየት መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር ሳይሆን ነባሮቹን በየቦታቸው መመለስ ነው። ባክቴሪያ ጨርቅ ሊያቀልም ብሎ ቀለም አይሠራም፤ ስለዚህ ንጥረ ነገሩ በሕዋሱ ውስጥ ሳለ «ሕብር» ይባል። ተጣርቶ ለሥራ ሲውል «ማቅለሚያ» ይሁን፤ ቃሉ ከመሣሪያ ስም ርባታ የመጣ ነውና ግብሩን ይናገራል። «ቀለም» ለጠቅላላው ይቆይ። «ሕብር» በሐመሩ ሐ ካልተጻፈ ከ«ኅብር»፣ ከአንድነት ጋር ይቀላቀላል፤ ፊደላቱን አናሳንስ የሚሉ ወገኖች እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ አላቸው። በአርሲ የሥራ ቋንቋ በሆነው በኦሮምኛም ሕብር «ሃሉ» ስለሚባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተረጉም ሰው ለ«ሕብር» አቻ አያጣም።

ምንጩን በተመለከተ፣ በዕቃው መለያ ላይ «በባክቴሪያ የተመረተ ኩርኩሚን» ተብሎ ይጻፍ። «እርድ» ግን በአርቦዬ ገበያ ተሰፍሮ ለሚሸጠው ብቻ ይቅር።