የተቆለፈው በር፤ ከአርሊንግተን ሜዳ እስከ አዲስ አበባው የሠራተኞች ማኅበር

እዚህ ማኪኒ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ወሬያችን ከአገር ቤት ፖለቲካ እምብዛም አይርቅም። ባለፈው ሰሞን ግን የአንዱ ወዳጃችን ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ታዳጊ፣ ከስልኩ ቀና ብሎ "በ2027 ቤዝቦል ላይኖር ይችላል፤ ሊዘጉት ነው አሉ" አለ። አባቱ "ሚሊየነር ከቢሊየነር ቢጣላ እኛን ምን አገባን?" ሲል ሁላችንም ሳቅን። ያልሳቁት በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጋሼ ብቻ ነበሩ። "ቆይ እስቲ ልጄ፣ የሚዘጋው ማነው? ሠራተኛው ነው ወይስ ባለቤቱ?" ብለው ጠየቁት። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አባል የነበሩ ሰው ናቸውና ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ይህች ጽሑፍ ለእርሳቸው የዘገየች መልስ ናት። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚዘጋው ባለቤቱ ነው። ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም አድማ እንላለን፤ አሠሪ በሩን ቆልፎ ሠራተኛውን ውጭ ሲያስቀር ፈረንጆቹ ሎክአውት ይሉታል። የአገራችን ሕግም ያውቀዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ሥራ ማቆምንና ሥራ መዝጋትን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ጊዜውን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው። የቤዝቦል ተጫዋቾች አድማ ቢመቱ የሚመቱት ስታዲየሙ በሞላበት፣ የባለቤቱ ገቢ በሚሞቅበት ወቅት ነው። ባለቤቱ ግን ቀድሞ በብርዱ ወራት፣ ትኬት በማይሸጥበት ጊዜ ይቆልፍና ውድድሩ ተጀምሮ ደመወዝ የሚከፈልበት ወቅት እስኪቀርብ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። የቀድሞው የኅብረት ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2021 ሲያበቃ ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት ኒውዮርክ ሳይሆን እዚሁ አርቪንግ ውስጥ፣ የተጫዋቾቹ ማኅበር ስብሰባ በያዘበት ሆቴል ነበር። የመጨረሻው ንግግር የፈጀው 7 ደቂቃ ነው። ቡና እንኳ በዚህ ጊዜ አይፈላም። ባለቤቶቹ በሙሉ ድምፅ ዘጉ፤ በማግስቱም ኮሚሽነሩ ሮብ ማንፍሬድ አርሊንግተን በሚገኘው የሬንጀርስ ስታዲየም ጋዜጠኞች ሰብስበው ውሳኔውን አስረዱ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ተጫዋች በቡድኑ ጂም መሥራት፣ ከአሠልጣኙ ጋር መነጋገር፣ አዲስ ውል መፈረም አይችልም። የሊጉ ድረ ገጽ ሳይቀር የተጫዋቾቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ፊት የሌለው ጥላ ተካበት።

የእኛው ሬንጀርስ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀናት በፊት ከሦስት ተጫዋቾች ጋር ብቻ ከ550 ሚሊዮን ዶላር በላይ ውል ተስማምቶ ነበር፤ ከኮሪ ሲገር ጋር 325፣ ከማርከስ ሴሚየን ጋር 175፣ ከጆን ግሬይ ጋር 56 ሚሊዮን። ሴሚየን ደግሞ ማኅበሩን በድርድሩ ከሚመሩት ስምንት ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ገና የፈረመበት ቀለም ሳይደርቅ አዲሱ አሠሪው ቆለፈበት። መዝጋቱ 99 ቀን ቆይቶ ማርች 10 ቀን 2022 አበቃ፤ ዝቅተኛው የተጫዋች ደመወዝም በዓመት ከ570,500 ወደ 700,000 ዶላር ከፍ አለ።

"ይኸው፣ ሚሊየነሮች ናቸው አላልኩም?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን ሚሊየነር ሆነው አልተወለዱም፤ እንዴት እንደሆኑ ማወቅ ደግሞ የእኛንም ታሪክ ለማየት ይረዳል ባይ ነኝ።

ሬንጀርስ ራሱ ስደተኛ ቡድን ነው። እስከ 1971 ድረስ ዋሽንግተን ሴናተርስ ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 30 ቀን የመጨረሻ ጨዋታውን በአርኤፍኬ ስታዲየም እየመራ ሳለ ሊለያቸው መሆኑ ያናደዳቸው የዋሽንግተን ደጋፊዎች ሜዳውን ወርረው ጨዋታው በፎርፌ ተበላሽቷል። ከዋሽንግተን ወደ ዳላስ የተሰደድን ሰዎች ብዙ ስለሆንን ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። በዚያው የመጨረሻ ዓመት ለቡድኑ 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ጓዙን የጠቀለለ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ከርት ፍለድ ይባላል።

ፍለድ ሂውስተን ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1969 የሴንት ሉዊስ ቡድኑ ሳያማክረው ለፊላደልፊያ አሳልፎ ሲሰጠው አልሄድም አለ። በጊዜው በእያንዳንዱ ተጫዋች ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረ፤ ተጫዋቹ አዲስ ውል ባይፈርም ቡድኑ የድሮውን ለአንድ ዓመት ማደስ ይችላል ይላል። ባለቤቶቹ "አንድ ዓመት" የሚለውን እየደጋገሙ እድሜ ልክ አደረጉት። ተጫዋቹ ሊሸጥ ይችላል፣ ሊለወጥ ይችላል፣ ሊባረር ይችላል፤ በፈቃዱ መሄድ ብቻ አይችልም። ፍለድ በዓመት 90,000 ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበርና ብዙዎች እንደ ዛሬው "ምን ጎደለው?" አሉ። እርሱ ግን ነገሩን ከባርነት ጋር አመሳስሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 1972 ላይ 5 ለ 3 ፈረደበት። ይህ ሲሆን የመጨረሻ ቡድኑ አርሊንግተን ገብቶ በአዲስ ስሙ የመጀመሪያውን ዘመን እየተጫወተ ነበር።

ያ የመጀመሪያ ዘመንም ቢሆን የተጀመረው በአድማ ነው። ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የመጣው ማርቪን ሚለር ከ1966 ጀምሮ ተጫዋቾቹን እያደራጀ ነበር፤ በኤፕሪል 1972 በጡረታ ፈንድ ምክንያት ለ13 ቀናት ሥራ አቆሙ፣ 86 ጨዋታዎችም ቀሩ። ሬንጀርስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው አድማው ካበቃ በኋላ፣ ኤፕሪል 15 ቀን ነው። ሚለር ያመጣው ዋና ነገር ንግግር አልነበረም፤ ክርክር በኮሚሽነሩ ሳይሆን በገለልተኛ የግልግል ዳኛ እንዲታይ የሚያደርግ አንቀጽ ነበር። ፍርድ ቤት ያልከፈተውን በር ይህች አንቀጽ ከፈተችው። ዲሴምበር 23 ቀን 1975 የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትስ የሁለት ተጫዋቾችን አቤቱታ ሰምቶ "አንድ ዓመት ማለት አንድ ዓመት ነው" የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ ሰጠ። ባለቤቶቹ ወዲያውኑ ዳኛውን አባረሩት፤ በማርች 1976 ደግሞ የልምምድ ካምፖቹን ለ17 ቀናት ቆለፉ። መቆለፉ ግን ውሳኔውን አልሻረውም፤ በዚያው ዓመት በተደረገው ስምምነት ስድስት ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ወደፈለገበት የመሄድ መብት አገኘ።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። ዲሴምበር 1975 በእኛ አቆጣጠር 1968 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር አዲስ አበባ ምን እየሆነ ነበር?

የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የተመሠረተው በ1963 ነው፤ ሕጋዊ መሠረቱም የዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 210 ነበር። የንጉሡ መንግሥት ማኅበሩን በጥርጣሬ ያየው እንደነበር አይካድም፤ ቢሆንም ሠራተኛው የሚደራደርበት ጠረጴዛ በሕግ ተዘርግቶ ነበር። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በበየነ ሰሎሞን የሚመራው ይኸው ማኅበር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በአራት ቀን ውስጥ አዲሱ የእንዳልካቸው መንግሥት ለመስማማት ተገደደ። ይህ ተራ ድል አልነበረም። ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ሁላችንም ስለምናውቀው አልደግመውም።

ደርግ ሲመጣ ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ጠየቀ፤ መሪዎቹ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ታሰሩ። በሜይ 1975 ደርግ "ማኅበሩ እንደገና መደራጀት አለበት" በሚል ምክንያት ዋና ጽሕፈት ቤቱን ለጊዜው ዘጋው። አዲስ የተመረጡትም ቢሆኑ ዝም አላሉም። መስከረም 14 ቀን 1968 ዓ.ም. የማኅበሩን ወረቀት ሲበትን የተገኘ የአየር መንገድ ሠራተኛ ሊያዝ ሲል ተኩስ ተከፈተ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከአምስት ቀን በኋላ በመዲናዋ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዲሴምበር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 64 ወጥቶ የ1963ቱን ሕግ ተካ። ኢሠአማ አበቃለት፤ በቦታው በ1977 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ከላይ ወደ ታች ተደራጀ።

ልብ በሉ፤ በአንድ ወር ውስጥ እዚህ አንድ የግልግል ዳኛ በውል አንቀጽ ተመርኩዞ ሠራተኛን ከዕድሜ ልክ እስር ሲፈታ፣ እዚያ የውሉ ተዋዋይ ራሱ ተሰረዘ። የእኛ አገር መዝጋት ከቤዝቦሉ የሚለየው በዚህ ነው። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ ሠራተኛው ማልዶ ይገባል፣ ማሽኑ ይዞራል። የተቆለፈው ማኅበሩ ነው። በርግጥ ሚለር ፊት ለፊት የቆሙት ሰዎች ሀብት እንጂ መትረየስ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ "እኛ ለምን እንደነሱ አልሆንንም?" ብሎ የእኛን ሠራተኛ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስለዚያ ዘመን በጻፍነው ሁሉ፣ እዚህ ውጭ አገር በታተመው ሳይቀር፣ የድርጅቶቹን ጠብ በገጽ በገጽ ስናትት ኢሠአማን በአንድ አንቀጽ አልፈነዋል። ተማሪ የነበርን ሰዎች ታሪኩን ስለጻፍነው ይሆን?

ስለ 1994ቱ ታላቅ አድማ ብዙ አልልም፤ 232 ቀን ፈጅቶ የዓለም ዋንጫ የሚሉትን ፍጻሜ አስቀርቷል። ሬንጀርስ ያኔ 52 አሸንፎ 62 ተሸንፎ ምድቡን ይመራ ነበር፤ ከባለቤቶቹ አንዱም በዚያው ዓመት የቴክሳስ ገዢ ሆኖ የተመረጠው ጆርጅ ቡሽ ነበር።

ይልቅ ለማኪኒ የሚቀርበው ጎረቤታችን ፍሪስኮ ነው። እዚያ የሚጫወተው ራፍራይደርስ የሬንጀርስ የታችኛው ሊግ ቡድን ነው። በ2021ዱ መዝጋት ወቅት እዚያ ካሉት ወጣቶች አብዛኞቹ የማኅበሩ አባል ስላልነበሩ አልተቆለፈባቸውም፤ በኤፕሪል 2022 በሰዓቱ ተጫወቱ። ዕድለኞች ይመስላሉ። ነገር ግን በዚያ ደረጃ ዝቅተኛው ክፍያ በዓመት 13,800 ዶላር ነበር። የሚቆለፍበት ሰው ቢያንስ የሚደራደርበት ውል አለው፤ እነርሱ ያም አልነበራቸውም። በሴፕቴምበር 2022 አብላጫዎቹ ፈርመው ወደ ማኅበሩ ገቡ፤ በ2023 በተፈረመው የመጀመሪያ ስምምነታቸው ያው ክፍያ 30,250 ዶላር ሆነ። ያለ አንድ ቀን አድማ።

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የዚህን ከተማ ኑሮ የጀመሩት በታክሲ ነው። በ2010 የዳላስ ከተማ ምክር ቤት በላቭ ፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሄዱ ታክሲዎች ከሰልፉ ፊት እንዲቆሙ ሲወስን የባለታክሲዎቹ ማኅበር ከሰሰ፤ በ2013 በይግባኝ ተረታ። ባለታክሲ በሕግ ዓይን "የራሱ አለቃ" ስለሆነ የፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ የኅብረት ድርድር መብት አይሰጠውም። መኪናውን በባንክ ብድር የገዛ፣ ወረፋውን ሌላ የሚወስንለት አለቃ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ጥቂት አሰብ አድርገው "ታዲያ እኛ ላይ ማን ሊዘጋ ይችላል? በር መች አለንና" አሉኝ።

ልጁ ያነበበው ወሬ መነሻው ይህ ነው፤ በ2022 የተፈረመው ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026፣ ማክሰኞ፣ ያበቃል። ባለቤቶቹ ለዓመታት ሲመኙት የኖሩት የደመወዝ ጣሪያ፣ ተጫዋቾቹም ከ1994 ጀምሮ አንቀበልም ያሉት ይኸው ጣሪያ ዋናው የጠብ ምንጭ ነው። ውሉ የሚዘጋበት ሰዓት በኒውዮርክ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት ሲሆን፣ በማኪኒ ሰዓት ከምሽቱ 4፡59 መሆኑ ነው። ጋሼ ሰዓቱን በወረቀት ጻፍልኝ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።