የእናቴ አንገት

እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ስትደርስ መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ ትስበዋለች። ቅቤ ልትገዛ ይዛኝ ስትወርድ ሁልጊዜ አየዋለሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አስቸግሯት ይመስለኝ ነበር። የምትሸፍነው ንቅሳቷን መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

የተነቀሰችው አምባሰል፣ ልጅ ሳለች ነው። አያቴ ጭንቅላቷን ይዛ፣ ነቃሿ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሳ አንገቷን ዙሪያውን በመርፌ ወጋችው። ሳምንት ሙሉ አብጦ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ነበር። ድዷንም ተነቅሳለች፤ በጠቆረ ድድ ላይ ጥርስ ነጥቶ ይታያልና። ወንድሟን መርፌ አልነካውም። የሱ ምልክት ቁንጮ ነበር፤ ቁንጮ ይላጫል፣ ይረሳል። የሷ ቆዳዋ ውስጥ ቀረ።

ይህ ሁሉ ስቃይ ለዓይን ሲባል ነው። ለማን ዓይን? መልሱ ዜማችን ውስጥ አለ። አራቱን ዋና ቅኝቶቻችንን እንይ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁለቱ የወሎ አገር ስም ናቸው፣ አንዱ ሴት ይጣራል። «አንተ ሆይ» የሚባል ቅኝት የለንም። በአነጋገራችንም ዓይን አፋርነት ለልጃገረድ ምስጋና ነው፣ ለጎረምሳ ነቀፋ። ወንድ ቀና ብላ ያየች ልጅ ደግሞ ዓይን አውጣ ትባላለች። ሰኞ ገበያ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ቆመው ያያሉ፤ ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው እህል እየሰፈሩ ይታያሉ።

ግን ሴቶቹም ያዩ ነበር። እናቴ ኮረዳ ሆና ደሴ ዘመድ ቤት ስትኖር አባቴን ቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ ጤፍ ስትሰፍር፣ ከጣሳው ጠርዝ በላይ። ለኔ እስክትነግረኝ ድረስ ለማንም አልተናገረችውም። እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ የወሎ ሴቶች አምባሰልን በአደባባይ ሲያዜሙ እኔ የምሰማው ያንን የተደበቀ እይታ ነው።

ከዚያ ዘመን መጣና ንቅሳት የገጠሬ ምልክት ሆነ። በጨረር የሚያስጠፉት ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። የሚያንገበግበኝ፣ ሳትጠየቅ የተወጋችውን ልጅ፣ አድጋ በዚያው ጠባሳ እንድታፍር ማድረጋችን ነው። በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። እናቴ አንገቷን ስትደብቅ የኖረችው ያ አዳራሽ በቆመበት ከተማ ነው።

አምና ፀጉሯን ስሠራት ነጠላዋን ራሷ አወረደችው። መስመሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ አራት ይመስሉኝ ነበር።